የስልክ ጥሪ ለሚበዛበት ቢሮ፦ ሲስኮ ካታሊስት ወይስ ኔትጊር?

አንዱ ትልቅ ፋይል ሲገለብጥ የሌላው ጥሪ የሚቆራረጥበት ቢሮ ብዙ ነው። ጥሪ ራሱ ቀላል ነገር ነው፤ በጂ.711 ኮዴክ (ድምፅን ወደ ዲጂታል መረጃ በሚቀይር ዘዴ) በአንድ አቅጣጫ 90 ኪሎቢት በሰከንድ እንኳ አይሞላም። ግን ወረፋ መጠበቅ አይችልም። ለዚህ ነው ለድምፅ በራሱ ቅድሚያ የሚሰጥ ስዊች፣ ማለትም የቢሮውን ስልኮችና ኮምፒውተሮች በገመድ የሚያገናኝ መሣሪያ፣ የሚፈለገው።

ሻጩን መጀመሪያ የምትጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ ስዊቹ ድምፁን በምን ያውቀዋል?

ሲስኮ ካታሊስት 2960ን እንውሰድ። አውቶ ኪውኦኤስ የሚባለው የቅድሚያ ማደራጃው በአንድ ትእዛዝ ብዙ መስመር ኮንፊገሬሽን ራሱ ይጽፋል። «ሲስኮ-ፎን» የሚለውን ከመረጣችሁ ስልኩን በሲዲፒ (የሲስኮ መሣሪያዎች እርስ በርስ በሚተዋወቁበት ፕሮቶኮል) ይለየዋል። ስልኩ እስካለ ድረስ በሚልከው መረጃ ላይ የሚለጥፈውን የቅድሚያ ምልክት ያምናል፤ ነቅላችሁ ላፕቶፕ ብትሰኩበት ማመኑን ያቆማል። በጣም የምወደው ይህንን ነው። ስልኮቻችሁ እንደ ዬሊንክ ወይም ግራንድስትሪም ያሉ የሌላ አምራች ከሆኑ ግን ይህ ምርጫ አይጠቅማችሁም። «ትረስት» የሚለውን ትጠቀማላችሁ፤ ያኔ ፖርቱ (የገመዱ መሰኪያ) የመጣለትን ምልክት ሁሉ፣ የኮምፒውተሩንም ጭምር፣ ያምናል።

አንድ ነገር ተጠንቀቁ። አውቶ ኪውኦኤስ የሚነካው አንድ ፖርት ብቻ አይደለም፤ የስዊቹን አጠቃላይ የወረፋ አደረጃጀት ይቀይራል። በእጃችሁ ሌላ የኪውኦኤስ ትእዛዝ ከመጻፋችሁ በፊት እሱን አስቀድሙ። በኋላ ከፖርቱ ላይ ብታጠፉትም አጠቃላዮቹ ትእዛዞች እዚያው ይቀራሉ።

የኔትጊር አውቶ-ቮይፕ ቀለል ይላል፤ ከብራውዘር ላይ ጥቂት ክሊክ ይበቃዋል። ሁለት መንገድ አለው። አንዱ እንደ ሲፕ ያሉ የጥሪ ፕሮቶኮሎችን እያየ ይለያል። ሲፑ ከተመሰጠረ ግን ስዊቹ ማንበብ አይችልም፣ ዛሬ ደግሞ ብዙ የክላውድ ስልክ አገልግሎት ያመሰጥራል። ሁለተኛው የማክ አድራሻውን (የመሣሪያውን የኔትወርክ መለያ ቁጥር) የመጀመሪያ ሦስት ባይት አይቶ የስልኩን አምራች ያውቃል። የእናንተ ስልክ በሠንጠረዡ ውስጥ ከሌለ ራሳችሁ ትጨምሩታላችሁ። እኔ ይሄኛውን እመርጣለሁ።

እንግዲህ የሲስኮ ስልክ ያላችሁና ትእዛዝ መጻፍ የሚችል ባለሙያ ያላችሁ፣ ካታሊስት ግዙ። ትንሽ ቢሮ ሆናችሁ የጠረጴዛ ስልኮቻችሁ አንድ ዓይነት ከሆኑ ኔትጊር ይበቃችኋል፤ ተጨማሪ ገንዘብ አታውጡ።

ሠራተኞቻችሁ የሚያወሩት በላፕቶፕ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው። የማክ አድራሻው የላፕቶፑ ስለሆነ የኔትጊሩ ሠንጠረዥ አያውቀውም። «ሲስኮ-ፎን»ም የሚፈልገው ስልክ ነው። የሚሻለው ዊንዶውስ ራሱ ለጥሪ ፕሮግራሙ ዲኤስሲፒ 46 የሚባለውን የድምፅ ቅድሚያ ምልክት እንዲለጥፍ በግሩፕ ፖሊሲ (የቢሮውን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች በአንድነት በሚያዝ ቅንብር) ማዘዝና ያንን ምልክት የሚያምን ስዊች መግዛት ነው።

ከመክፈላችሁ በፊት ግን ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ደውላችሁ ሞክሩ። የውስጥ ጥሪው ጥርት ብሎ የሚቆራረጠው የውጭው ብቻ ከሆነ፣ መጨናነቁ ያለው በአብዛኛው ኢንተርኔት መስመራችሁ ላይ ነው። ያኔ ስዊቹን ተዉትና ገንዘቡን ለድምፅ ቅድሚያ መስጠት ለሚችል ራውተር አውሉት።