የእንግሊዝኛ ቃላት አፑ «ታክል» ላይ ሲፈተን

ሰሞኑን አንድ የእንግሊዝኛ ቃላት ማስተማሪያ አፕ እየተጠቀምኩ ነው። ስሙን አልጠራም፣ ወቀሳ ስለሚበዛበት። እንዲህ ያለ አፕ ይረባል ወይ የሚለውን ለማወቅ አንድ ግስ መርጦ ማበጠር ይበቃል ባይ ነኝ። እኔ «ታክል»ን (tackle) መረጥኩ።

ቃሉ ለኳስ ወዳጅ እንግዳ አይደለም፤ «ተከላካዩ ታክል ገባ» እንላለን። አፑም ከሜዳ መነሳቱን ወድጄለታለሁ። በእግር ኳስ ታክል ኳሱን ከተጋጣሚ እግር ለመንጠቅ ነው፣ በራግቢ ግን ኳስ የያዘውን ሰውዬ ራሱን ይዞ መሬት ላይ መጣል ነው፤ ይሄንን በአጭር ቪዲዮ ስለሚያሳይ ወዲያው ይገባል። ከዚያ «ታክል ዘ ፕሮብሌም» ሲመጣ አትደናገርም። ችግሩ ውስጥ ገብቶ ለመፍታት መሞከር ነው፣ በቃ።

የአፑ ችግር ሁሉንም «መጋፈጥ» ብሎ ማለፉ ነው። ችግር መጋፈጥ ለ«ፌስ» (face) ይቀርባል። ሰው ችግሩን ፌስ አድርጎ ምንም ሳይነካው ሊቀመጥ ይችላል፤ ታክል ያደረገ ግን ሥራ ጀምሯል። «ኮንፍሮንት» (confront፣ ፊት ለፊት መግጠም) ደግሞ ሰው ላይ ሲሆን ጠብ ጠብ ይሸታል። በእንግሊዞቹ አነጋገር አለቃህን ስለ ደሞዝ ታክል አደረግከው ከተባለ ጉዳዩን በግልጽ አነሳህበት ማለት ነው፣ አልጣልከውም። ይሄ አጠቃቀም አፑ ላይ ጭራሽ የለም። የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ፎቶ ግን ያለ ምንም ማብራሪያ ተለጥፏል! ቃሉ ስም ሲሆን የማጥመጃ ዕቃም የመርከብ ገመድም እንደሚባልበት አንድ መስመር ቢጽፉ ምን ነበረበት?

ከሁሉም ያናደደኝ ሰዋስው ላይ ዝም ማለቱ ነው። እኛ «ከችግሩ ጋር ታገለ» ስለምንል «ታክል ዊዝ» ብሎ መጻፍ ይቀናናል። ስህተት ነው። ግሱ ተሳቢውን በቀጥታ ነው የሚወስደው፤ «ዊዝ» (with) የሚፈልገው «ዲል» (deal) ነው። መልመጃው በሙሉ ምርጫ ስለሆነ ደግሞ የራስህን ዓረፍተ ነገር ሠርተህ የምትታረምበት ቦታ የለም፣ እና ሙሉ ነጥብ አግኝተህም ኢሜይል ላይ ያው «ዊዝ» ትመጣለች።

የድምፅ ቅጂው ጥርት ያለ ነው። ለጀማሪ ነፃው ክፍል ይበቃል። ለሥራ ወይም ለፈተና የምትዘጋጅ ከሆነ ብዙ ምሳሌ ያለው የተማሪዎች መዝገበ ቃላት ጎን ለጎን ክፈት። የሚከፈልበትን ክፍል አልመክርም፤ የጨመረው ያንኑ የምርጫ ጥያቄ ነው።