ከትከሻ ጅማት ቀዶ ጥገና በኋላ ህመሙ ካልለቀቀ፦ መርፌ ወይስ ፊዚዮቴራፒ?

ጅማቱ ተሰፍቶ 4 ወር ካለፈ በኋላም ትከሻው ሌሊት እንቅልፍ ሲነሳ፣ ብዙ ሰው «መርፌ ልወጋና ልገላገል» ይላል፤ ስቴሮይድ የሚባለውን የእብጠትና የህመም ማስታገሻ ማለቱ ነው። አይፈረድበትም። ግን ሙሉ ለሙሉ ማገገም ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ሊፈጅ ይችላል።

ወጪ፦ ፊዚዮቴራፒ (በባለሙያ የሚመራ የእንቅስቃሴ ህክምና) ምልልስ ነው፤ ታክሲው ራሱ ያስመርራል። መርፌው ባንዴ ያልቃል።

ፍጥነት፦ የስቴሮይድ መርፌ በቀናት ውስጥ ያስታግሳል፤ ግን ጊዜያዊ ነው።

አደጋ፦ እዚህ ላይ ጠንቀቅ ነው። ከቀዶ ጥገናው በኋላ ባለው የመጀመሪያ ወር የተሰጠ መርፌ ለኢንፌክሽን ያጋልጣል፤ የጅማቱንም መዳን ሊያውክ ይችላል። የስኳር ታማሚ ከሆኑ ደግሞ ስኳርዎ ለቀናት ከፍ ይላል።

ትከሻው ተይዞ አልታዘዝ ላለው ፊዚዮቴራፒ ይሻላል። ህመሙ እንቅስቃሴውን ጭራሽ ለከለከለው፣ ሐኪሙ ከፈቀደ፣ መርፌው መንገድ ይከፍታል። ክንዱ ድንገት ከዛለ ወይም ትኩሳት ካለ ግን ሁለቱም ይቆዩ፤ ቀጥታ ወደ ቀዶ ሐኪምዎ።