ሊቆረጥ የነበረውን ዛፋችንን ላተረፈልን ባለሙያ ምስጋና

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው አንድ ሰው ለማመስገን ነው። እግረ መንገዴንም ግቢያችሁ ውስጥ ትልቅ ዛፍ ላላችሁ ሰዎች ልጠቁማችሁ ብዬ ነው።

ግቢያችን ውስጥ ያለውን ዛፍ አባቴ የተከለው እኔ ልጅ ሳለሁ ነው። አሁን ከቤቱ ጣሪያ በላይ ሄዷል። ባለፈው ነፋስ አንድ ትልቅ ቅርንጫፍ ሌሊት ላይ ተገንጥሎ ወደቀ። የወደቀው ልጆቹ ቀን ቀን የሚጫወቱበት ቦታ ላይ ነው። ጠዋት ሳየው እግሬ ተብረከረከ። ያየው ሰው ሁሉ «ቁረጡት፣ ምን ትጠብቃላችሁ» አለን። እኛም ቆረጥን፤ ማለቴ ወሰንን። አባቴ ምንም አልተናገረም። ወንበሩን ግን ፊቱን ወደ ዛፉ አዙሮ ቁጭ አለ።

ዘመድ ነው የዚህን ሰው ስልክ የሰጠኝ። መኪናው ላይ ዕቃውን ጭኖ ከቦታ ቦታ እየዞረ ዛፍ የሚያክም ባለሙያ ነው። እኔ የደወልኩለት ግን እንዲያክም ሳይሆን እንዲቆርጥ ነበር።

ሲመጣ መጋዝ አላወጣም። መኪናውን እንኳ ዛፉ ሥር ላቁምልህ ስለው እምቢ አለ። «ሥሩ እኮ እዚህ ድረስ አለ እህቴ» ብሎ ራቅ አድርጎ አቆመ። የዛፍ ሥር ወደ ታች የሚወርድ ይመስለኝ ነበር። ለካ አብዛኛው ሥር ከላይኛው 60 ሴንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው ያለው። ወደ ጎንም ከቅርንጫፎቹ ጥላ አልፎ ይሄዳል። መኪና ሲመላለስበት አፈሩ ይጠቀጠቃል፣ ሥሩ አየር ያጣል። እኛ ስንት ዓመት መኪና ስናቆምበት ኖረናል!

ከዚያ ዛፉን ዞረው። አንዴ አይደለም፣ ሦስቴ። ግንዱ ሥር እንጉዳይ በቅሎ እንደሆነ ፈለገ፤ እዚያ የሚበቅል እንጉዳይ ሥሩ ወይም ግንዱ ከውስጥ እየበሰበሰ መሆኑን ሊናገር ይችላልና። በመነጽር ጫፉን አየ። ቀጥሎ ጭንቅላቱ ፕላስቲክ የሆነ መዶሻ አውጥቶ ግንዱን ከታች ወደ ላይ እየመታ አዳመጠ። ለእኔም ሰጠኝ። ጤነኛው እንጨት ጠጠር ያለ ድምፅ አለው። አንድ ቦታ ላይ ግን እንደ ከበሮ አስተጋባ። «እዚህ ጋ ትንሽ ክፍት ነገር አለ። ግን ዙሪያው ወፍራም ነው፣ ይሸከማል» አለኝ።

ቀና ብሎ ካየ በኋላ ወደ አባቴ ዞረና «አባባ፣ ይህን ዛፍ ከዓመታት በፊት አናቱን የቆረጠው ሰው አለ አይደል?» አለው። አባቴ ደነገጠ። እውነት ነው። ያኔ የመጡ ሰዎች «ከፍታው አደገኛ ነው» ብለው አናቱን ድፍን አድርገው ቆርጠውት ሄደዋል። ቁስሉንም ቀለም ቀብተውት ነበር። እኛም ጥሩ የተሠራ መስሎን አመስግነን ሸኘናቸው።

እዚህ ላይ የነገረኝን ሁሉም ሰው ቢያውቀው ደስ ይለኛል። ዛፍ ምግቡን የሚሠራው በቅጠሉ ነው። አናቱ ሲቆረጥ በአንዴ ይራባል። ስለዚህ ያለ የሌለ ኃይሉን አሟጦ ከተቆረጠበት ዙሪያ ብዙ ለጋ ቅርንጫፍ ያወጣል። ዓይን ሲያየው ያማረ ልምላሜ ነው። ግን እነዚህ ቅርንጫፎች የሚወጡት ከቅርፊቱ ሥር ነው፤ እንደ መጀመሪያዎቹ እንጨቱ ውስጥ ገብተው አልተያዙም። ቶሎ ያድጋሉ፣ ይከብዳሉ። የተቆረጠው ጉቶ ደግሞ ከሥራቸው ይበሰብሳል። «ሌሊት የወደቀው ከእነሱ አንዱ ነው። ነፋሱ ምክንያት ሆነ እንጂ ያኔ ነው የተሰበረው» አለን።

ጠቅላላ ይቆረጥ ብለን የጠራነው ሰው «አይቆረጥም» አለ። የደረቀውን ያወጣል፣ የረዘሙትን ለጋዎች ያሳጥራል፣ ከመሃላቸው ጠንካሮቹን መርጦ ያስቀራል። እሱንም በአንድ ጊዜ አይደለም። ከለምለሙ ክፍል ከሩብ በላይ በአንዴ ከተነሳ ዛፉ ይጎዳል አለ። «ሁሉንም ዛሬ ብጨርሰው ገንዘቡን እቀበል ነበር። እሱ ግን አይችለውም» ሲል እጁን ግንዱ ላይ አድርጎ ነበር። አባቴ ያኔ ነው ከወንበሩ የተነሳው።

የሥራው ዕለት ከረዳቱ ጋር በጠዋት መጡ። መጀመሪያ በትንሽ ከረጢት ክብደት የታሰረ ቀጭን ገመድ ወርውሮ ከላይ ያለ ጠንካራ ቅርንጫፍ አሳለፈ። በእሱ ወፍራሙን ገመድ ጎትቶ አወጣ። ከዚያ ሙሉ ክብደቱን ጥሎ ሞከረው። ከወገብና ከጭኑ በሚታሰረው መታጠቂያ ላይ ያለው ቋጠሮ ደስ ይላል፤ ሲጎተት ይነክሳል፣ ሲላላ ይንሸራተታል። የዚህ ዓይነቱን ቋጠሮ ኦስትሪያዊው ተራራ ወጪ ካርል ፕሩሲክ ነው እ.ኤ.አ. በ1931 ያስተዋወቀው። ረዳቱ ለልጄ አሳይቶት እስካሁን በጫማ ማሰሪያ ይለማመዳል።

መኪናው ውስጥ እግር ላይ የሚታሰር ሹል ብረት አይቼ ነበር። ለምን አትወጣበትም ስለው «እሱ ለሚጣል ዛፍ ነው» አለኝ። በሕይወት የሚቆይ ዛፍ ላይ እያንዳንዱ እርምጃ ቁስል ነው። ሱሪውም ተራ ሱሪ አይደለም። ውስጡ ረጃጅም ክሮች አሉት። የመጋዙ ሰንሰለት ከነካው ክሮቹ ተመዘው ሰንሰለቱን በሚያዞረው ጥርስ ላይ ይጠመጠሙና በቅጽበት ያቆሙታል። ላይ ሆኖ የሞተር መጋዝ ሲያስነሳ ደግሞ ሁለት ቦታ ይታሰራል፤ አንዱ ገመድ ቢቆረጥ ሁለተኛው ይይዘዋል።

አንዱን ቁርጥ ቀርቤ ያየሁት ታችኛው ቅርንጫፍ ላይ ነው። ቅርንጫፍ ከግንዱ የሚወጣበት ቦታ ላይ ትንሽ ያበጠ ቀለበት አለ። እሱ «አንገትጌ» ይለዋል። መጀመሪያ ከግንዱ ወደ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ከሥር ወደ ላይ ትንሽ ቆረጠ። ከዚያ አለፍ ብሎ ከላይ ቆረጠ፤ ቅርንጫፉ ወደቀ። የታችኛው ቁርጥ ባይኖር ኖሮ ቅርንጫፉ ሲወድቅ የግንዱን ቅርፊት እንደ ሙዝ ልጣጭ ገሽልጦት ይሄድ ነበር። በመጨረሻ የቀረውን ጉቶ በእጅ መጋዝ፣ አንገትጌውን ሳይነካ፣ ልክ ከውጪው ቆረጠው። ቀለም አልቀባም። ምክንያቱንም ነገረኝ። ዛፍ እንደ እኛ ቁስሉን በአዲስ ሥጋ አይተካም። የተጎዳውን ክፍል ከውስጥ ግድግዳ ሠርቶ ይዘጋበታል፣ ከውጭ ደግሞ አዲስ እንጨት ያለብሰዋል። ይህን በደንብ ያሳየው አሌክስ ሺጎ የሚባል የአሜሪካ የደን አገልግሎት ተመራማሪ ነው፤ ብዙ ሺህ ዛፎችን በሞተር መጋዝ እየሰነጠቀ ውስጣቸውን አጥንቷል። እ.ኤ.አ. በ1977 ያሳተመው ማብራሪያ የባለሙያዎቹን አሠራር ቀይሮታል። ቀለም መቀባት መበስበስን አያስቀርም፤ አንገትጌው ከተቆረጠ ደግሞ ዛፉ የሚከላከልበት ቦታ አብሮ ይሄዳል።

ከሁሉ ያስገረመኝ የሁለቱ መግባባት ነው። ከላይ «ልጣል?» ይላል። ከታች «ጣል!» ካልተባለ መጋዙ አይነካም። ትልልቆቹ ደግሞ አይጣሉም፣ በገመድ ይወርዳሉ። ረዳቱ ገመዱን ግንዱ ሥር በታሰረ የብረት ቱቦ ላይ ይጠመጥመዋል፤ ፍትጊያው ክብደቱን ይይዝለታል። ስፋቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ አንድ ሜትር የሆነ እርጥብ ግንድ ወደ 70 ኪሎ ይመዝናል። ያን የሚያህል ነገር ቀስ ብሎ መጥቶ መሬት ላይ ኮፍ አለ። ከሥሩ የነበሩት የአባቴ አበቦች አንዳቸውም አልተሰበሩም። አንድ ቅርንጫፍ ላይ ጫጩት ያለበት ጎጆ አግኝቶ ለሚቀጥለው ዙር ተወው።

ማታ ላይ ሁሉንም ጨርሰው ይሄዳሉ ብዬ ስጠብቅ ቁጭ ብሎ ሰንሰለቱን በሞረድ መሳል ጀመረ። መጋዝ ሲደንዝ ዱቄት ነው የሚተፋው፣ ስለት ሲኖረው ፍላጭ። ከዚያ ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣቶቹ እየዳበሰ ፈተሸው። አንዲት የተላላጠች ቦታ ካገኘ ያንን ገመድ ለመውጫ አይጠቀምበትም። መጋዞቹን በ70 በመቶ አልኮል ጠረገ። «ዛሬ እዚህ ነኝ፣ ነገ ሌላ ቦታ። የአንዱን ዛፍ በሽታ ለሌላው ይዤ መሄድ የለብኝም» አለ። ከመጋዙ ንዝረት የተነሳ ጠዋት ጠዋት ጣቶቹ እንደሚደነዝዙበትም ሲናገር ሰማሁት። ይህን ሥራ ስናይ ገመድና መጋዝ ብቻ ነው የምናየው። ሰውነት ምን ያህል እንደሚከፍል አስቤ አላውቅም ነበር።

የተፈጨውን ቅርንጫፍ አልወሰደውም። ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት አድርጎ ዛፉ ዙሪያ አነጠፈው፤ ግንዱን ግን እንዳይነካ አደረገ። እርጥበት ይይዛል፣ ሲበሰብስም ለሥሩ ምግብ ይሆናል።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ ቀጠሮው ሩቅ ነው። ነፋስ ስለነበር ሁለት ጊዜ አራዝሞብኛል። ያኔ ተናድጄ ነበር። ላይ ወጥቶ ሳየው ግን ትክክል እንደነበር ገባኝ።

እሱን ባታገኙት እንኳ የመጣው ሰው «አናቱን ልቁረጠው» ካላችሁ፣ ወይም ለሚቆይ ዛፍ ሹሉን ብረት እግሩ ላይ ካሰረ፣ አመስግናችሁ ሸኙት። የኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ያለ ዛፍ ከሆነ ደግሞ ለመብራት ኃይል ሳይነገር ማንም እንዳይወጣ።

ወንድሜ፣ ከልብ እናመሰግንሃለን። አባቴ በተለይ አመስግኚልኝ ብሎኛል። ወንበሩ አሁንም እዚያው ነው፤ ጥላው ተመልሶለታል።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ስትደውሉ ግን በጠዋት ወይም ማታ ይሁን። ቀን ዛፍ ላይ ስለሆነ አያነሳም።