የቤይሩቱ አስቀጣሪ ቢሮ፦ በዜግነት የተቆረጠ ደመወዝ

በዚህ ቢሮ በኩል ቤይሩት ሁለት ዓመት በሰው ቤት ሠርቻለሁ። አየር ማረፊያ በሰዓቱ ተቀብለውኛል፤ ከዚያ ወዲህ ያደረጉልኝ ነገር የለም። ጠረጴዛቸው ላይ ያየሁት ዝርዝር ግን እስካሁን ያንገበግበኛል፦ ፊሊፒናዊት 400 ዶላር፣ ኢትዮጵያዊት 150 ዶላር። ሥራው ያው መጥረጊያ፣ ያው ካውያ፣ ያው ልጅ ማዘል ነው! አሥራ ሁለተኛ ክፍል መጨረሴን የጠየቀኝም አልነበረም። ማዳም ፓስፖርቴን መሳቢያ ውስጥ ቆለፈችበት። ለቢሮው ብደውል «ሥርዓቱ ነው» አሉኝ። እውነትም እ.ኤ.አ. በ1946 የወጣው የሊባኖስ የሥራ ሕግ የፋብሪካውን ሠራተኛ ሲያቅፍ የቤት ሠራተኛዋን በግልጽ ያስቀራል፤ ከፋላ በሚባለው የአሠሪ ዋስትና ሥርዓት ደግሞ የመኖሪያ ፈቃድሽ ከአሠሪሽ ጋር የታሰረ ነው። ሴት፣ ጥቁርና ድሃ ሆነሽ ስትገቢ ሦስቱም በአንድ ደመወዝ ላይ ይቆረጡብሻል። እህቴ፣ ውሉን በአማርኛ አንብበሽ ቅጂውን ለቤተሰብ ሳትተዪ አትፈርሚ።