ለእናቴ እግር ባሕር ዳር ያገኘነው ምርመራ

ዘንድሮ ከጀርመን ለእረፍት ዳንግላ ስገባ ዓይኔ ያረፈው እናቴ እግር ላይ ነው። ከጉልበቷ በታች ደም ሥሯ እንደ ገመድ ተጋድሟል፤ ከቁርጭምጭሚቷ በላይ ቆዳዋ ጠቁሯል። «ማታ ማታ ይከብደኛል እንጂ ደኅና ነኝ፣ ልጄ» ትለኛለች። ዕድሜዋን ሙሉ ሱቅ ቆማ የሠራች፣ ቅዳሴ ቆማ የምታስቀድስ ሴት ናት። ቫሪኮስ (የእግር ደም ሥር ማበጥ) በዘርም ይመጣል፤ እኔ ራሴ ከሦስት ዓመት በፊት በሌዘር ታክሜያለሁ።

መጀመሪያ የሄድንበት ቦታ እግሯን በዓይን ብቻ አይተው የሌዘር ዋጋ ነገሩን። አልትራሳውንድ አልተነሣም። በጣም አዘንኩ። የትኛው ደም ሥር እንደተበላሸ፣ በጥልቁ ደም ሥር ውስጥ የረጋ ደም መኖር አለመኖሩ ሳይታወቅ ዋጋ እንዴት ይነገራል?

በሳምንቱ ከንጋቱ 12 ሰዓት በሚኒባስ ተነሥተን፣ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዘን ባሕር ዳር አንድ የግል ክሊኒክ ገባን። ለዚህኛው ምስጋናዬ ከልብ ነው። ሐኪሙ እናቴን አላስተኛትም፤ አቆማት። «እማማ፣ ክብደትዎን በግራው እግር ይጣሉት» አላት። ከዚያ የአልትራሳውንዱን መሣሪያ ቀኝ እግሯ ላይ ይዞ ባቷን ጨበጥ አድርጎ ለቀቀ። ሲጨብጥ ስክሪኑ ላይ ሰማያዊ ቀለም ወደ ላይ ሄደ፤ ሲለቅ ቀዩ ወደ ታች ወረደና ቶሎ አልጠፋም። ደሙ ከግማሽ ሰከንድ በላይ ወደ ኋላ ከተመለሰ የደም ሥሩ በር አልዘጋም ማለት ነው። ጥልቁ ደም ሥር ግን ንጹሕ ነበር።

ሌዘሩንም ለእናቴ በሚገባት አማርኛ አስረዳት። በመርፌ ቀዳዳ ሌዘሩን የሚያደርስ ቀጭን ክር ይገባል፤ ዙሪያውን ማደንዘዣ ይወጋል፤ ሙቀቱ የተበላሸውን ደም ሥር ከውስጥ ይዘጋዋል፤ ደሙም በጤነኞቹ በኩል መንገድ ያገኛል። በዚያው ቀን በእግር ይኬዳል። የጠቆረው ቆዳ ግን ሙሉ በሙሉ ላይመለስ እንደሚችል፣ ከዓመታት በኋላም ሌላ ደም ሥር ሊያብጥ እንደሚችል አልደበቀም። ይህን የሚነግር ሐኪም አምናለሁ።

ቅር ያለኝ ሁለት ነገር ነው። ተራ ስንጠብቅ የእግር ሕመምተኛ እግሩን ከፍ አድርጎ የሚያሳርፍበት አንድ በርጩማ እንኳ አልነበረም። የታዘዘላትን እግር የሚያጠብቅ ካልሲ የገዛንበት መድኃኒት ቤት ደግሞ «መካከለኛው ይሆናታል» ብሎ ሳይለካ ሰጠን፤ ማታ ስናወልቀው ከጉልበቷ ሥር ቀይ ቀለበት አትሟል። በማግስቱ ጠዋት እግሯ ሳያብጥ ቁርጭምጭሚቷንና ባቷን በሜትር ለክቼ ሄድኩና ቀየሩልኝ። እናታችሁን የምትወስዱ ልኬቱን ጽፋችሁ ያዙ።

ሌዘሩን አዲስ አበባ እናሠራዋለን። «ጾሙ ይፈታ» ብላለች፤ እስከዚያ እኅቴ በየማለዳው፣ ከአልጋ ሳትወርድ፣ ተረከዙን እያስተካከለች ካልሲውን ታለብሳታለች።