ዩግሊሽ፦ እንግሊዝኛን ከተናጋሪው አፍ ለመስማት

መተዳደሪያዬ የተቀዱ የእንግሊዝኛ ቃለ መጠይቆችን እየሰማሁ ወደ ጽሑፍ መገልበጥ ነው። ስለዚህ ሰው እንዴት መናገር እንዳለበት ሳይሆን እንዴት እንደሚናገር ነው የሚያሳስበኝ። ለዚህ ደግሞ ዩግሊሽን (YouGlish) የሚያህል ድረ ገጽ አላየሁም።

አሠራሩ ቀላል ነው። ቃል ወይም ሐረግ ትጽፋላችሁ፤ እሱ ደግሞ ያ ሐረግ የተነገረበትን የዩቲዩብ ቪዲዮ ልክ ከቦታው ያጫውትላችኋል። ጽሑፉም ከሥር ይታያል። ወደ ቀጣዩ ተናጋሪ መዝለል፣ ትንሽ ወደ ኋላ መመለስ፣ ፍጥነት መቀነስ ይቻላል።

ትልቁን ጥቅም ያገኘሁት በ"ካን" (can፣ መቻል) እና በ"ካንት" (can't፣ አለመቻል) ላይ ነው። አሜሪካኖች "ካንት" ሲሉ የመጨረሻዋ "ት" ብዙ ጊዜ አትሰማም። ጆሯችን ግን እሷን ይጠብቃል። መለያው ያለው ሌላ ቦታ ነው። "ካን" ከግስ በፊት ሲመጣ ይዋጥና እንደኛ ሳድስ "ክን" ይሆናል። "ካንት" ግን ሙሉ ድምፁን ይዞ፣ ረገጥ ተደርጎ ይወጣል። ሁለቱን እያፈራረቃችሁ ከተለያየ ሰው ስትሰሙ ጆሮ ራሱ መለየት ይጀምራል። "እችላለሁ" ያለን ሰው "አልችልም" አለ ብሎ መጻፍ እኮ ቀላል ነገር አይደለም!

"ጎና"ም ደስ ይለኛል። "ጎይንግ ቱ" (going to) ወደ "ጎና" (gonna) የሚያጥረው ቀጥሎ ግስ ሲመጣ ብቻ ነው። "አይም ጎና ለንደን" የሚል የለም። አፍ የፈቱበት ሰዎች ይህን ሕግ ማንም ሳያስተምራቸው ይጠብቁታል። "ዜርዝ ቱ ፒፕል" (there's two people፣ "ሁለት ሰዎች አሉ" ለማለት) ደግሞ አለ፤ ሰዋስው ለብዙ "ዜር አር" (there are) በሉ ቢልም የተማረውም ያልተማረውም እንደዚያው ይናገራል። እኔም ቃል በቃል ስገለብጥ አላርመውም።

ድረ ገጹ ላይ የአሜሪካ ወይም የብሪታንያ አነጋገር የሚመረጥበትን ቦታ አትለፉት። አሜሪካዊ "ኳይት ጉድ" (quite good) ሲል ብዙ ጊዜ ማድነቁ ነው። ብሪታንያዊ ሲለው ግን "ደህና ነው፣ ምንም አይል" ማለት ሊሆን ይችላል። ድምፁን ሰምታችሁ ፍረዱ። "የህ፣ ኖ" (yeah, no፣ "አዎ፣ አይ") የሚሏትም አንዴ መስማማት፣ አንዴ በትሕትና እምቢ ማለት ናት። እዚህ ላይ ወደ ኋላ መመለሻዋ ትጠቅማለች፤ ምን ተጠይቆ እንደሆነ ካልሰማችሁ መልሱ አይገባም።

ዩግሊሽ የሚነሳው ግን ከተጻፈ ቃል ነው። "ውጃ" የሚል ድምፅ ሰምቶ "ውድ ዩ" (would you) መሆኑን ያላወቀ ሰው ምን ብሎ ይፈልጋል? ትርጉምም ከመዝገበ ቃላት ነው የሚገኘው። ስለዚህ ለጀማሪ አልመክረውም። ማንበብ ለሚችልና ፈጣን ንግግር ለሚያመልጠው ሰው ግን ዛሬውኑ ይክፈተው እላለሁ። ስትፈልጉም ነጠላ ቃል ሳይሆን ሐረግ ጻፉ፤ መዋጡና መያያዙ የሚሰማው እዚያ ነው።