ደብረ ብርሃን ያለችው ትንሿ ክሊኒክ
ኮሮናው ከዳነ አራት ወር ሆኖኛል፤ ድካሙ ግን አልለቀቀኝም። ደረጃ ስወጣ ልቤ ድው ድው ይላል፣ የጎረቤት ስም ሳይቀር ይጠፋብኛል። ሰፈር ውስጥ «ብርድ ነው» ተባልኩ፤ እዚህ ከተማ ምን በብርድ የማይሳበብ አለ! ዳማከሴም ጠጣሁ። በመጨረሻ ክሊኒክ ሄድኩ። ሲስተሯ የኦክስጅን መለኪያውን ጣቴ ላይ ሰካች፣ ቁጥሩ ወረደ፣ ደነገጥኩ። «እጅሽ በረዶ ሆኗል እኮ፣ ቀዝቃዛ ጣት ያሳስታል» ብላ በሁለት እጇ አሸችልኝና ደግማ ስትለካኝ ደህና ሆነ። ሐኪሙ የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ አዞ ምንም ሲያጣ፣ ከኮሮና በኋላ ከ3 ወርም በላይ የሚቆይ ድካም እንዳለ አስረዳኝ። መድኃኒት አልጻፈም። ሥራሽን ከፋፍለሽ ሥሪ፣ ሳይደክምሽ እረፊ አለኝ። ቅር ያለኝ ወረፋው ነው፤ ሦስት ሰዓት ሙሉ ቀዝቃዛ አግዳሚ ላይ፣ ያውም ለደከመ ሰው! አሁን ገበያ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ዘንቢሉን ግን ልጄ ነው የሚይዘው።